መሣሪያና ልክ ሲጣሉ

ትድረስ ለታናሽ እህቴ፣ ለእታለሜ፤

ጤናሽን አስቀድሜ እጠይቃለሁ። ለወጉ ያህል አይደለም፣ የምሬን ነው። እንቅልፍሽ እንዴት ነው? እህል ይበላልሻል? የተከራየሽው ቤት ይሞቃል ወይስ ያፈሳል?

እኔም፣ ሚስቴም፣ ልጃችንም በሕይወት አለን። «እኛ ደህና ነን» ብዬ ልጽፍ ጀምሬ እጄ እምቢ አለኝ። ለሌላ ሰው ቢሆን እጽፈው ነበር። ላንቺ ግን የተሳሳተ ንባብ መስጠት አይሆንልኝም።

ጽሕፈቴ ቢወላገድ አትፍረጂብኝ። የምጽፈው የኩላሊት እጥበት ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ተጋድሜ ነው። ግራ ክንዴ ከማሽኑ ጋር ታስሯል፤ ወረቀቱን የሚይዝልኝ የለም፤ በጻፍኩ ቁጥር ከጉልበቴ ላይ ይንሸራተታል። ማሽኑ ደሜን ይወስዳል፣ ያጥባል፣ ይመልሳል። ድምፁ ሌንስ የምንሞርድበትን የድሮውን ሞተር ይመስላል፤ ዓይኔን ስጨፍን ሥራ ቦታ ያለሁ ይመስለኛል። መጀመሪያ የመጣሁ ቀን አንገቴን አስግጌ ከጀርባው ምን እንዳለ ሳይ ነርሷ ያዘችኝና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ማሽኑን እንደ ዶሮ ገዢ ምን ታገላብጠዋለህ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ «ዶሮ ገዢው» ነኝ። «ዶሮ ገዢው መጣ፣ ወንበሩን አዘጋጁ» ይላሉ። ዕድሜ ልኬን መሣሪያ ስሠራ ኖሬ አሁን መሣሪያ እኔን ይሠራኛል። ይህን ብላቸው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

አድራሻሽን ያገኘሁት ከሥራ ባልደረባችን ከባለ ቶርኖው ነው። ይህንንም ደብዳቤ ይዞልሽ የሚመጣው እሱ ነው። አትቆጪው፤ አፉ አንድ ነገር ይዞ እንደማያድር ታውቂያለሽ።

*

ቅሬታዬን ልናገርና ይውጣልኝ። ጋዋንሽን ወንበር ላይ ጥለሽ ወጣሽ፤ ስልክሽን ዘጋሽ፤ ቤትሽ ስንመጣ አከራይሽ ክፍሉን ታስጠርጋለች። «ለወንድሟ ምንም አልተወችም?» ብላት አንገቷን ነቀነቀች። የዚያን ቀን ሕመሙ ካመመኝ ይልቅ ይህ አመመኝ። ሰው ወንድሙን እንዲህ ይሸሻል? ይኸው ተናገርኩ። ከዚህ በኋላ አልደግመውም።

*

ሁሉንም ታውቂዋለሽ። ግን ስጽፈው ለራሴ ይጠራልኛል፤ ታገሺኝ።

ሽማግሌው ድርጅቱን ሲከፍት ከዳቦ ቤት ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። የምድጃው ሙቀት ግድግዳውን እያለፈ ስለሚመጣ፣ ስሱን ሚዛን የምናስተካክለው ዳቦው ከወጣ በኋላ ግድግዳው ሲቀዘቅዝ ነበር። የትምህርት ቤት ሚዛን፣ የወርቅ ቤት ሚዛን፣ ቴርሞሜትር፣ ማይክሮስኮፕ እንሠራለን። ስንመዝን ትንፋሻችንን እንይዛለን። የመመዘኛው ድንጋይ፣ ልካችን፣ ከፋይ የለበሰች ሳጥን ውስጥ ይተኛል። በእንጨት መቆንጠጫ እንጂ በእጅ አይነካም፤ የእጅ ወዝ ያከብደዋል። አዲስ ሠራተኛ በገባ ቁጥር ሽማግሌው ያንን ሳጥን ከፍቶ ያሳየውና፣ «መሣሪያና ልክ ሲጣሉ ልኩን እመን። ልክ የሚጠረጥር ሰው እዚህ ቤት አይሠራም» ይለዋል። ለኔም ብሎኛል። አንቺም ስትገቢ ብሎሻል፤ ያኔ ድምፁ ደክሞ ስለነበር እኔ አጠገቡ ቆሜ ደገምኩልሽ።

ከዚያ ሴት ልጁ ከትምህርት ተመልሳ ሥራ አስኪያጅ ሆነች። የመጀመሪያውን ስብሰባ ታስታውሺዋለሽ። «ወርቅና ጨው ስንመዝን ኖርን፤ ከእንግዲህ ሕይወት ያለውን ነገር እንለካለን» አለች። ባለ ቶርኖው እጁን ሳያወጣ፣ «ሕይወት ያለው ነገር መቼ ዝም ብሎ ይቆምልሻል፣ እመቤቴ?» አላት። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ለቀልድ የተባለ ነገር ነበር።

አዲሱ ሕንፃ ተሠራ። ወለሉ ነጭ፣ ቀዝቃዛው ክፍል እንደ ጉድጓድ የሚተነፍስ፣ ኬሚካል መቀመሚያው በመስታወት የታጠረ። የናስ ብናኝ ነውር ሆነና ቶርኖው ወደ ምድር ቤት ወረደ። ሁላችንም ጋዋንና የፀጉር መሸፈኛ ለበስን፤ ባለ ቶርኖው ራሱን መስታወት ላይ አይቶ፣ «ሬሳ ገናዥ አስመሰላችሁኝ» አለ። በር ላይ ያለው «የሚዛንና የማጉያ መነጽር ሥራ» የሚለው ጽሑፍ ወርዶ «የሕይወት ሳይንስ መሣሪያዎች» የሚል ተሰቀለ። ውሃ ውስጥ ያለ ተውሳክ የሚያሳይ፣ ተሕዋስያን የሚባዙበትን ሙቀት የሚጠብቅ፣ ኋላም ያንቺዋ፣ ከጥቂት ደም የኩላሊትን ሥራ የምትናገረዋ መሣሪያ። ደሙ ከኬሚካሉ ጋር ይቀላቀላል፣ ቀለሙ ይለወጣል፣ ብርሃን ያልፍበታል፣ መስኮቷ ላይ ቁጥር ይወጣል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ኩላሊቱ ደክሟል ማለት ነው። ብርሃኑን የሚያነበው ክፍል ያንቺ ሥራ ነበር። ሁሉ ሰው «ልጅሽ እንዴት አደረች?» ይልሽ ነበር።

ልክ ግን አልነበራትም። ከውጭ የሚመጣው ማነጻጸሪያ ፈሳሽ መንገድ ላይ ሙቀት እየመታው ይበላሻል። ሥራ አስኪያጇ፣ «የማይለዋወጥ ሰው ፈልጉልኝ» ስትል ሁሉም ዞሮ ወደኔ አየ። «አባ ልኩ አለላችሁ አይደል» አለ ባለ ቶርኖው፣ «ከሠርጉ ጀምሮ ቀበቶው ቀዳዳ አልለወጠም።» ትልቁ ሆስፒታል ሄጄ ተመረመርኩ። ጤነኛ ነህ ተባልኩ። ቁጥሬ ተጻፈ። ከዚያ ወዲህ ሰኞ በመጣ ቁጥር እጅጌዬን ሰብስቤ እቀመጣለሁ፣ ደም ይቀዳል፣ አንቺ መሣሪያሽን በኔ ታስተካክያለሽ፣ የሚሸጡት ሁሉ በእሷ ይስተካከላሉ።

ኮርቼ ነበር፣ እታለሜ። ሳጥን ውስጥ የተኛ ድንጋይ የመሆን ኩራት። ለሚስቴ ሁሉ አውርቻለሁ። «ሆስፒታሉ ሁሉ የሚለካው በኔ ነው» ስላት፣ «ሆስፒታሉ ይብቃና መጀመሪያ የቤቱን ቧንቧ አስተካክል» አለችኝ።

*

ቁጥሩ ከፍ ማለት ጀመረ። ትንሽ። «ወይ ይቺ ልጅ፣ ዛሬም ተንሸራተተች» ትያለሽ፤ ካቻቢቴሽን ከደረት ኪስሽ ታወጫለሽ፤ ከሽፋኑ ስር ያለችውን ብሎን ነካ ታደርጊያለሽ፤ ቁጥሩ ወደ ቦታው ይመለሳል። በሚቀጥለው ሰኞ እንደገና። አምፖሉ ደክሟል አልሽና ለወጥሽ። ኬሚካሉ ነው አልሽና አዲስ አስቀመምሽ። አንድ ሰኞ ትዕግሥትሽ አልቆ ክዳኗን በጥፍርሽ መታ መታ አድርገሽ «ምነው አታሳፍሪኝ» ስትያት ሳቅሁብሽ።

አጠገብሽ ነበርኩ እኮ። ጥጥ ክንዴ ላይ ይዤ፣ ጉልበቴ ጉልበትሽን እየነካ። ደክሞኝም ነበር። ጫማዬን ስፈታ ካልሲዬ እግሬን ቆርጦት አይ ነበር። ግን የኔን ድካምና ያንን ቁጥር በአንድ ሐሳብ ውስጥ አስገብቼ አላውቅም። ሚዛን ቤት ያደገ ሰው ልኩን አይጠረጥርም። ሌላ ቦታ የሠራ ሰው፣ ልብስ ሰፊ እንኳ ቢሆን፣ «ምናልባት ሰውዬው ይሆናል» ይል ነበር። እኛ ነን ይህን የማንል። ሽማግሌው ቢኖር እሱም አይልም።

ከዚያ ሚስቴ ገፋፍታኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። በሰፈራችን ክሊኒክ የነበረችው መሣሪያ ያንቺዋ ናት፤ በር ላይ ሳያት ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። ወጣቱ ሐኪም ቁጥሩን አየና፣ «በዚህ ሳምንት እንዳንተ ያለ ኩላሊት አላየሁም፤ ዕረፍት ውሰድ» አለኝ። ወረቀቱን ላሳይሽ መጣሁ። «ታዲያስ! በልክህ አይደል የተሠራችው» ብለሽ ሳቅሽ። ይህን የምጽፈው ላቆስልሽ አይደለም። ሌት ተቀን የምታስቢው ይህንኑ እንደሆነ ስለማውቅ ነው። እኔም የሳቅሁትን እንድታስታውሺ ነው።

ማነጻጸሪያው ፈሳሽ በመጨረሻ በበረዶ ታሽጎ ደህና ሆኖ ሲመጣ፣ መሣሪያዋ ዝቅ አድርጋ አነበበችው። «ይኸኛውም ተበላሽቷል» አልሽ። ሌላ ጠርሙስ ከፈትሽ፤ ያው። ሌላ። ያው። ከዚያ ጠርሙሱን አስቀመጥሽ። ቀና ብለሽ ፊቴን አላየሽም፤ ያየሽው እግሬን ነው። ካልሲው የቆረጠውን። ያንን አየት ያደረግሽውን ነገር፣ እታለሜ፣ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ውስጥ ልረሳው የማልችለው እሱን ብቻ ነው።

*

ማሽኑ ጮኸ፤ ነርሷ መጥታ «ዶሮ ገዢው፣ ክንድህን አታንቀሳቅስ» ብላኝ ሄደች። ስለዚህ ቀስ እላለሁ።

የምትፈልጊውን ዜና ልንገርሽ። ያን ቀን ሮጠሽ ለሥራ አስኪያጇ በመንገርሽ በታመመ ኩላሊቴ ልክ የተስተካከሉት መሣሪያዎች በሙሉ ተሰብስበዋል። በእነሱ የተመረመሩትን ሰዎች በየቤታቸው እያፈላለገች እንደገና ታስመረምራለች። አብዛኞቹ ተገኝተዋል። ሁሉም አልተገኙም። ይህን ልደብቅሽ ነበር፤ ግን ከሌላ ብትሰሚው ይብሳል። እኔን ልትጠይቅ መጥታ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ «አባቴ ቢኖር ምን ይል ነበር?» አለችኝ። ስትወጣ የነርሶቹን ሚዛን ቆም ብላ አየችው፤ የኛ ሥራ ነው፣ የዳቦ ቤቱ ዘመን። እሱ ዛሬም ልክ ነው።

ሚስቴ ተቆጥታ ነበር፤ አልዋሽሽም። ሳምንት ሙሉ ስምሽ ሲነሳ ዕቃ ታስቀምጥ ነበር፣ ድም ድም እያደረገች። አንድ ቀን ግን፣ «ቁጣዬን ለግድግዳ መናገር ሰለቸኝ፤ ትምጣና ፊት ለፊት ልስደባት፣ ከዚያ ይወጣልኛል» አለች። የሷን ስድብ ታውቂዋለሽ። ሲያልቅ አልጋ ታነጥፍልሻለች።

*

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ይህን ሁሉ የጻፍኩት እዚህ ላለመድረስ ይመስለኛል።

ባለፈው ሳምንት ዋናው ሐኪም እጥበቴ ሲያልቅ ወደ ክፍሉ ጠራኝና በሩን ዘጋ። «አንዲት ሴት መጥታ ነበር» አለኝ። «ኩላሊቷን ላንተ ልትሰጥ። ማን እንደሆነች እንዳንነግርህ አጥብቃ ለምናናለች፤ የሰጠችን ስምም የራሷ አይመስለኝም። ደም ሰጥታ ሄደች። ለውጤቱ ተመልሳ አልመጣችም፤ የሰጠችው ስልክም አይሠራም። ስትናገር አፏን እንዳንተ ነው የምታደርገው። እህት አለችህ?»

«አለችኝ» አልኩት።

«የት ናት?»

«እንጃ» አልኩ። ያኔ እውነቴን ነበር።

ከዚያ ደሜ ፈላና፣ «አልቀበልም በልልኝ። ብትመጣም አልቀበልም» አልኩት። ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እሱን ተወው፤ እሱስ አይሆንም» አለኝ። «ለምን?» ብለው እስክሪብቶውን አነሳ። እንደገና ብጠይቀው፣ «የሌላ ሰው ውጤት ላንተ አልናገርም። ግን ካወቅሃት ፈልግልኝ። ላንተ ስል አይደለም የምፈልጋት» አለ።

ቆሜ ልወጣ ስል፣ እስክሪብቶውን እያገላበጠ፣ «እናታችሁ በምን ነበር የሞተችው?» አለኝ።

«በድካም» አልኩት። እንደዚያ ነው የምንለው አይደል? በድካም። አንቺ ትንሽ ነበርሽ፤ በመጨረሻ ጫማ እምቢ ብሏት ያባታችንን ነጠላ ጫማ ታደርግ የነበረውን ላታስታውሺ ትችያለሽ። ሐኪሙ ይህን ስነግረው ራሱን ነቅንቆ አንድ ነገር ጻፈ። ከዚያ ስለማን እንደሆነ ሳይናገር፣ «በጊዜ የመጣ ሰው ማሽን ላይ ሳይታሰር ብዙ ዓመት ይኖራል። መድኃኒት አለው፣ ጥንቃቄ አለው። የዘገየ ነው የሚያስቸግረን» አለኝ።

ያን ዕለት ወደ ቤት ስገባ ሚስቴ ምን ሆነሃል አለችኝ። ምንም አልኳት። ምሳ ቀረበ፣ አልበላሁም።

ከሁለት ቀን በኋላ ነው ባለ ቶርኖው ከእናንተ ከተማ ተመልሶ የመጣው። «መነጽር ልገዛ ገብቼ ከመነጽሩ በፊት እሷን አየሁ» አለኝ፣ ወንበሬ አጠገብ ቆሞ እየሳቀ። «ተስማምቷታል፣ ወንድሜ። ፊቷ ሞላ ብሏል፣ ለስልሷል። ቁጭ ብላ ነው የምትሸጠው፣ እንደ እመቤት። የሕፃን ቁመት በማታህል መሰላል ወጥታ ፍሬም ስታወርድልኝ ትንፋሽ አጠራትና "ከፍታው ነው" አለችኝ። ምኑ ነው ከፍታው ብዬ ሳቅሁባት።»

እኔንም እንደዚያ ይሉኝ ነበር፣ እታለሜ። ተስማማህ፣ ፊትህ ሞላ። በዚያው ዓመት ሁሉም ሰው እንደዚያ ይለኝ ነበር።

*

ከዚህ በላይ የማውቀው የለም። የሐኪሙን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍኩልሽ፤ ቁጥር ማንበብ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ።

እዚያ ተቀምጠሽ ለራስሽ ቅጣት የሰጠሽ መስሎኛል። ብርድ ክፍል፣ ባዶ ምሽት፣ የማያውቁሽ ሰዎች። ኩላሊትሽን ልትሰጪ የመጣሽውም ዕዳ ልትከፍይ ነው። ዕዳ የለብሽም። ቢኖርብሽም በዚህ አይከፈልም፤ ሐኪሙ «አይሆንም» ብሏል፣ በቃ። ምናልባት፣ «ወንድሜ የደረሰበት ቢደርስብኝ ይገባኛል» የሚል ሐሳብ ውስጥሽ ይኖር ይሆናል። አውቅሻለሁ፤ በአንድ እናት ልክ የተሰፋን ነን፤ እኔም ባንቺ ቦታ ብሆን እንደዚያው አስብ ነበር። እለምንሻለሁ፣ ይህን አታስቢ። እኔ እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት ማንም ሳያየኝ ጊዜው ስላለፈ ነው። አንቺ ግን ታይተሻል። አንድ ሰው ጠረጴዛው ላይ ወረቀትሽን አስቀምጦ በየዕለቱ ስልክ ይደውልልሻል።

ልጄ «አክስቴ መቼ ነው የምትመጣው?» ስትለኝ ቀን ሰጥቻታለሁ። የትኛውን ቀን እንደሆነ አልነግርሽም። ትናንት ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች በር ላይ ተቀምጣ ነበር።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ። ጉልበትሽን ይጠብቅልሽ። እኔ ያላየሁትን ዕድሜ ያሳይሽ፤ ልጄ ስትዳር የምትቆሚላት አንቺ ሁኚ። እኔን በዚህ ዓመት ከመጣብኝ ነገር ሁሉ ያንቺን ክፉ ሳያሰማኝ ያሳልፈኝ።

ባለ ቶርኖው ደብዳቤውን ሰጥቶሽ እዚያው ያድራል፤ ሲመለስ አብረሽው ተነሺ። መንገድ ላይ ያስቅሻል። አውቶቡሱ ጎህ ሲቀድ እዚህ ይደርሳል። መጀመሪያ ወደ ቤት አትምጪ፤ እኔ ሆስፒታሉ በር ላይ እጠብቅሻለሁ። ቁርስሽን ከደም ምርመራው በኋላ ከኛ ጋር ትበያለሽ፤ እስከዚያው ግን ምንም አትቅመሺ፣ ውሃ ብቻ።

የሚናፍቅሽ ወንድም ጋሼሽ